ኮከቡን «ተቀመጥ» ማለት ለምን ይከብዳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አሜሪካን ፉትቦል ናቸው። የሚያነሱት ነገር ደግሞ ተቀራራቢ ነው፤ ብቃቱ እየወረደ ያለ ኮከብ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሷን የሚወረውረው ተጫዋች) እና ከሱ ጋር መግባባት ያቃተው አሰልጣኝ። ረጃጅሞቹን አሳጥረናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና የባለቤቴ ወንድም የዴንቨር ብሮንኮስ ደጋፊዎች ነን። ረስል ዊልሰን ከቡድናችን ከወጣ ቆየ፤ የኛ ጭቅጭቅ ግን አላለቀም። እኔ «አሰልጣኙ ሾን ፔይተን ሰውየውን በሕዝብ ፊት አዋርዶ ነው ያባረረው» እላለሁ። እሱ ደግሞ «ዊልሰን አልቆለት ነበር፤ አሰልጣኙ ሥራውን ነው የሠራው» ይላል። እሁድ ምሳ በተገናኘን ቁጥር ይሄው ነው። እስኪ ዳኙን።

መልስ፦ ችግሩ የምትከራከሩት ስለተለያየ ነገር መሆኑ ነው። እሱ የሚያወራው ስለ ውሳኔው ነው፤ አንተ ደግሞ ስለ አካሄዱ።

ከሥሩ እንጀምር። ዴንቨር በ2022 ዊልሰንን ከሲያትል ሲያመጣው ሦስት ተጫዋቾችን ሰጥቷል፤ በዚያ ላይ ሁለት የአንደኛ ዙርና ሁለት የሁለተኛ ዙር የድራፍት (የኮሌጅ ልጆች የሚመለመሉበት ሥርዓት) ምርጫዎች፣ አንድ የአምስተኛ ዙርም አለበት። ገና አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወትላቸው ደግሞ የ5 ዓመት፣ ወደ 243 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል አስፈረሙት። የመጀመሪያው ዓመት 5 አሸንፈው 12 ተሸንፈው አለቀ፤ የወቅቱ አሰልጣኝ ናትናኤል ሃኬት የውድድር ዘመኑ ሳይጠናቀቅ ተባረረ። ፔይተን የመጣው ከዚህ በኋላ በ2023 ነው። ዊልሰንን እሱ አልመረጠውም፤ ከነዕቃው የተከራየ ቤት እንደገባ ሰው ነው የጀመረው።

የሁለቱ የጨዋታ ጠባይም አልገጠመም። ፔይተን በኒው ኦርሊንስ ከድሩ ብሪስ ጋር ረጅም ዘመን ሠርቷል፣ ዋንጫም በልቷል፤ የለመደው ኳሷ በሰዓቷ ከእጅ እንድትወጣ ነው። ወደ ኋላ ጥቂት እርምጃ፣ አንድ እይታ፣ መወርወር። ዊልሰን ስም ያወጣው ግን በተቃራኒው ነው። ጨዋታው ሲበላሽ ወዲያ ወዲህ እየተሹለከለከ ተከላካዮቹን አድክሞ፣ መጨረሻ ላይ ሰማይ የምትነካዋን ረጅም ኳስ መልቀቅ። ዕድሜው 35 ሲደርስ ማምለጡ ቀነሰ፤ ኳስ ይዞ መቆየቱ ግን እንዳለ ቀረ። በ2023 በተጫወታቸው 15 ጨዋታዎች ኳሷን እንደያዘ 45 ጊዜ ተጥሏል። በዚያው ዓመት ግን 26 ታችዳውን (ኳሷ ተጋጣሚ ጫፍ ስትደርስ የሚቆጠር ጎል) አቀብሎ 8 ኳስ ብቻ ነው ያስነጠቀው፤ ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው «ታዲያ ምን አጠፋ?» ቢል አይፈረድበትም።

ይሄ ለምን እንዲህ ያጋጫል ካልክ፣ ኳርተርባኩ ሄልሜት ውስጥ ያለችውን ትንሽ ድምፅ ማጉያ አስባት። አሰልጣኙ የሚቀጥለውን ጥሪ፣ ማለትም ቡድኑ ቀጥሎ የሚሞክረውን ዕቅድ፣ በሷ በኩል ይነግረዋል። ኳሷን ለማስጀመር የሚቆጥረው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀረው መስመሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሜዳው የኳርተርባኩ ነው፤ የሰማውን ይፈጽማል ወይም የተከላካዮቹን አቋቋም አይቶ ይቀይራል። በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ይሄ እንደሚደጋገም ቁጠረው። በሌላ ስፖርት የተኳረፉ አሰልጣኝና ተጫዋች ሳምንቱን ሙሉ ሳይነጋገሩ ሊያሳልፉ ይችሉ ይሆናል። እዚህ አይቻልም። የተጣላኸው ሰው ድምፅ ጆሮህ ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ወዳንተ ቅሬታ። ዲሴምበር 16፣ 2023 ዲትሮይት ላይ ዴንቨር ያገባት ታችዳውን በቅጣት ተሰረዘችና በ3 ነጥብ ብቻ ተመለሱ። ቅጣቱ የመጣው በመስመር ተጫዋች አቋቋም ነው፤ ዊልሰን የለበትም። ፔይተን ግን ወደሱ ሄዶ፣ አጠገቡ ቆሞ፣ ካሜራ ሁሉ እያየው ጮኸበት። ዊልሰን ቀጥ ብሎ ሰማው። ጨዋታው በዲትሮይት 42 ለ 17 አሸናፊነት አለቀ። በኋላ ሲጠየቅ ፔይተን ከዊልሰን ጋር የተነጋገርኩት እናንተን አይመለከትም ብሎ ዘጋው፤ የተናደድኩት በዳኞቹ ነው ሲልም ተሰማ። እሺ፣ በዳኛ የተናደደ ሰው ምነው ዳኛው ላይ ቢጮህ?

ከጩኸቱ ይልቅ የከፋው ግን የገንዘቡ ነገር ነው። የዊልሰን የ2025 ደመወዝ፣ 37 ሚሊዮን ዶላር፣ የጉዳት ዋስትና ነበረው። ክፉኛ ቢጎዳ ክለቡ ይከፍላል ማለት ነው። ዊልሰን እንደተናገረው፣ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ካንሳስ ሲቲን 24 ለ 9 ካሸነፉ በኋላ በእረፍታቸው ሳምንት ክለቡ «ይህን ዋስትና ካላሻሻልክ ከእንግዲህ አትጫወትም» አለው። እምቢ አለ። ሆኖም መጫወቱን ቀጠለ፣ ቡድኑም ካንሳስ ሲቲን ጨምሮ በተከታታይ 5 ጨዋታ አሸነፈ። በገና ዋዜማ ኒው ኢንግላንድ 26 ለ 23 ሲያሸንፋቸው ግን፣ ሁለት ጨዋታ ሲቀር፣ ዊልሰን ተቀመጠ። ፔይተን ማጥቃቱን ለማነቃቃት ብዬ ነው አለ። ሊሆን ይችላል። ግን የዋስትናው ወሬ ከወጣ በኋላ ማን ያምነዋል?

ስለዚህ በብቃት ጉዳይ የባለቤትህ ወንድም ያሸንፋል። ዊልሰን ከዴንቨር ወጥቶ በ2024 ፒትስበርግ፣ በ2025 ደግሞ ኒው ዮርክ ጃይንትስ ገባ፤ ጃይንትስ ሦስቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች ሲሸነፍ ቦታውን ለጀማሪ ልጅ ለቀቀ። ዴንቨርም በ2024 ገና ከኮሌጅ በመጣው ቦ ኒክስ 10 አሸንፎ 7 ተሸንፎ ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፉ) ገባ። በአካሄዱ ግን አንተ ልክ ነህ። ቀጣዩ የእሁድ ምሳ በሱ ሒሳብ ይሁን፣ የምሳው ምርጫ ያንተ።

ጥያቄ፦ እኔ ጨዋታውን ገና እየለመድኩ ያለሁ ሴት ነኝ። «ይሄ ኳርተርባክ ወርዷል» ሲሉ እሰማለሁ፤ ሳየው ግን እንደ ድሮው ነው የሚወረውረው። በምን ይታወቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ እጁን አትዪ። እግሩን እዪ። ውርወራ ከእግር ነው የሚጀምረው፤ የደከመ ኳርተርባክ እግሩን ሳያጸና ይለቃል፣ ወይም ሊመቱት ሲመጡ ቀድሞ ይሸሻል። ቀጥሎ ከሜዳው መሀል ወደ ጠርዝ የምትሄደውን ኳስ ተከታተያት። ያቺ ኳስ አየር ላይ ከቆየች ተከላካዩ ይደርስባታል። በልምምድ ወይ በመሟሟቂያ ጊዜ ሩቅ መወርወሩ ምንም አይነግርሽም፤ ማንም ሳይነካው ነዋ።

ዕድሜ ብቻውንም አያስፈርድም። ቶም ብሬዲ በ43 ዓመቱ ከታምፓ ቤይ ጋር ሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ በልቷል። አስቸጋሪው ነገር ሰውነት ሲደክም ጭንቅላት እየበሰለ መሄዱ ነው። በ38 ዓመቱ ያለ ኳርተርባክ ተከላካዮች ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ከብዙ አሰልጣኞች ቀድሞ ያያል። ያየውን ግን ክንዱ አያደርስለትም። ለዚህ ነው ጥሪ መቀየር የሚያበዛው፣ አሰልጣኙም «ንቆኝ ነው» ብሎ የሚያኮርፈው።

ጥያቄ፦ ካልቻለ ለምን በቃ ብለው አያሰናብቱትም? ቀላል አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ቀላል አይደለም፤ የደመወዝ ጣሪያ አለ። እያንዳንዱ ቡድን በዓመት ለተጫዋቾች ከተወሰነው በላይ ማውጣት አይችልም። ተጫዋቹ ሲባረር ቃል የተገባለት ገንዘብ አብሮት አይባረርም፤ ጣሪያው ሥር ተቀምጦ ለሌላ ተጫዋች የሚሆነውን ቦታ ይበላል። ዴንቨር ዊልሰንን ሲያሰናብት በሁለት ዓመት የተከፋፈለ 85 ሚሊዮን ዶላር ከጣሪያው ላይ ተቆርጦበታል። ፒትስበርግ ለዚያው ሰው የከፈለው 1 ነጥብ 2 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የቀረውን የዓመት ደመወዙን ዴንቨር ሸፈነ። ለተቀናቃኝ ኳርተርባክ ደመወዝ እየከፈልክ መተኛት እንዴት ነው?

ስለዚህ አሰልጣኙ ሰውየውን ባይፈልገውም ሊይዘው ይገደዳል፤ ብዙው ጭቅጭቅ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ይህን ጨዋታ ግን በልጆቼ ምክንያት ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ይገርመኛል። አንዳንዱ ታላቅ ተጫዋች ሲቀመጥ ከተማው ይናወጣል፤ ሌላው ሲቀመጥ ማንም ቃል አይተነፍስም። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ አባታችን፣ ከደረሱን ጥያቄዎች የወደድኩት የርስዎን ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የተቀመጠበትን ታሪክ ላንሳልዎ፤ ኢላይ ማኒንግ።

ኢላይ ለጃይንትስ ሁለት ሱፐር ቦውል ያመጣ ሰው ነው፣ 210 ጨዋታ ሳያቋርጥ በቋሚነት ጀምሯል። በኖቬምበር 2017 ቡድኑ እየተሸነፈ ነበርና አሰልጣኙ ቤን ማካዱ ሊያስቀምጠው ወሰነ። ግን ደፈር ብሎ አላስቀመጠውም። «ጨዋታውን አንተ ጀምር፣ ተከታታይ ቁጥርህ አይቆረጥ፤ ከእረፍት በኋላ ሌላ ይገባል» አለው። ኢላይ ለቁጥር ብሎ መጀመሩ ትርጉም የለውም ብሎ እምቢ አለ። በቦታው የገባው ጂኖ ስሚዝም ያን ጊዜ የነገ ተስፋ ተብሎ የመጣ ልጅ ሳይሆን ተጠባባቂ ነበር። ደጋፊው ተቆጣ፣ የድሮ ተጫዋቾች ተቆጡ። ጃይንትስ ኦክላንድ ላይ ተሸነፈ፣ በማግሥቱ ማካዱ ተባረረ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም አብሮ ሄደ። ኢላይ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሁለተኛው በ2019 ነው። ጃይንትስ በዚያ ዓመት ድራፍት በ6ኛ ምርጫ ዳንኤል ጆንስን ወሰደ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኢላይም፣ ደጋፊውም፣ ሕፃን ልጅም የሚሆነውን ያውቃል። ሁለት ጨዋታ ሲሸነፉ አሰልጣኙ ፓት ሸርመር ልጁን አስገባው። ማንም አልጮኸም። ኢላይ ሄልሜቱን አውልቆ ጆንስን ማገዝ ያዘ። ዲሴምበር ላይ ጆንስ ሲጎዳ ተመልሶ ገባ፣ ማያሚን በሜዳው 36 ለ 20 አሸነፈና ሙሉ መዝገቡን 117 ድል በ117 ሽንፈት አድርጎ ጡረታ ወጣ።

ተጫዋቹ ያው ነው፣ ከተማው ያው ነው። በሁለተኛው ጊዜ ግን ቦታውን የሚወስድ ነገ ነበረ፣ ነገሩም በግማሽ አልተሠራም። በኔ ግምት ሰው ኮከቡ መቀመጡን ይችላል፤ የማይችለው ያለ ምክንያት መቀመጡን ነው።

ምክንያቱ የሚለዋወጥ ከሆነማ የባሰ ነው። በ2010 የዋሽንግተን አሰልጣኝ ማይክ ሻናሃን ዶኖቫን ማክናብን ዲትሮይት ላይ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀረው አወጣው፤ ገና በ6 ነጥብ ብቻ እየተመሩ። የገባው ሬክስ ግሮስማን በመጀመሪያዋ ሙከራው ኳሷን አስጣለ፣ ተጋጣሚም ይዞ ሮጦ አገባት። ለምን አወጣኸው ሲባል በመጀመሪያ ተተኪው የሁለት ደቂቃውን ጥሪ ይበልጥ ያውቀዋል አለ፤ በማግሥቱ ደግሞ የማክናብ የልብና የትንፋሽ ብርታት ሆነ ነገሩ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ክለቡ ለዚያው «ትንፋሽ ላጠረው» ሰው ትልቅ ውል ፈረመለት! ከአንድ ወር በኋላም ለዓመቱ ቀሪ ጨዋታዎች አስቀመጡት። እኔ ማክናብን ብሆን የሚሉኝን አንድም አላምንም ነበር።

ሌላው ጫፍ ደግሞ ቢል ቤሊቺክ ነው፤ በ1993 ክሊቭላንድ 5 አሸንፎ 3 በተሸነፈበት ሰዓት የአካባቢውን ልጅ ኳርተርባክ በርኒ ኮሳርን ጭራሽ አሰናበተው። ያለው ምክንያት አጭር ነው፤ ችሎታው እየወረደ ነው። ጨካኝ ነው፣ ግን ማንም «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ አልጠየቀም። አልሠራለትም፤ ቀሪዎቹን 8 ጨዋታዎች 2 ብቻ አሸነፈ። ኮሳር በዚያው ዓመት ዳላስ ገብቶ በተጠባባቂነት የሱፐር ቦውል ቀለበት አጠለቀ። ዞሮ ዞሮ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያልቅለታል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ በሰላም ያለቀ አንድም የለም? ስም ጥሩልኝ።

መልስ፦ አለ፤ ፔይተን ማኒንግና ጋሪ ኩቢያክ፣ ዴንቨር፣ 2015። (ይሄኛው ማኒንግ የኢላይ ታላቅ ወንድም ነው። ከአሰልጣኙ ፔይተን ጋርም እንዳይምታታብዎት፤ እሱ የአባቱ ስም ነው።) ኩቢያክ ኳርተርባኩ ከመስመሩ ሥር ቆሞ ተቀብሎ እየሮጠ እንዲወረውር ይወዳል፤ ማኒንግ ደግሞ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መቆምና ሁሉን ማየት ነው የለመደው። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ሰጥተው ግማሽ መንገድ ላይ ተገናኙ። ኖቬምበር 15 ከካንሳስ ሲቲ ጋር ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ። ማኒንግ በዚያች ቀን የምንጊዜም የውርወራ ያርድ ክብረ ወሰን ሰበረ፣ በዚያችው ቀን ከ20 ሙከራ 5 ብቻ አቀብሎ 4 ኳስ አስነጠቀ። የግራ እግሩ መርገጫ ተጎድቶ ነበር። ኩቢያክ አወጣው። ብሮክ ኦስዋይለር ገባ፣ ማኒንግ 39 ዓመቱ ላይ ሳምንታት እግሩን ሲያስታምም ቆየ።

ከዚያ በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ላይ እንደ ተጠባባቂ ለብሶ ተቀመጠ። ይሄን አስብ፤ አምስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለ ሰው። ቡድኑ 13 ለ 7 እየተመራ ሳለ ኩቢያክ አስገባው፣ 27 ለ 20 አሸነፉ። ሱፐር ቦውል 50ን ደግሞ 24 ለ 10 ወሰዱ። በዚያ ፍጻሜ ማኒንግ የወረወረው 141 ያርድ ብቻ ነው፤ ዋንጫውን ያመጣው የተከላካይ ክፍሉ ነው። እሱም ያውቅ ነበር፣ ጀግና ልሁን አላለም። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ተከላካይ ከኋላህ ካለ መታረቅም ይቀላል።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ አሰልጣኝ ነኝ፤ የቅዳሜ የፍላግ ፉትቦል (ተጋጣሚን ከመጣል ይልቅ ከወገቡ ባንዲራ የሚነጠቅበት) ቡድን፣ አምስት ለአምስት። ኳርተርባካችን ቡድኑን የመሠረተ ሰው ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጋሼ ነው የምለው። ኳሱ አሁን አይደርስም። ጥሪ ስሰጠው «እሺ» ይልና ሜዳ ገብቶ የራሱን ይጠራል። ልጆቹ ማጉረምረም ጀምረዋል። የ22 ዓመት ፈጣን ተጠባባቂ አለን። እንዴት ልንገረው? ለሚስቱ ልንገራት ብዬም አስቤ ነበር።

መልስ፦ ለሚስቱ? ኧረ በእግዜር! ከሷ አፍ የሰማ ዕለት ኳርተርባክም ጓደኛም አጣህ።

ከመናገርህ በፊት አንድ ነገር አጣራ። የቀየራቸው ጥሪዎች ይሠራሉ ወይስ አይሠሩም? ሁለት ጨዋታ በስልክ ይቀረጽልህና ቁጭ ብለህ እይ። እሱ የቀየራቸው ካንተዎቹ የተሻሉ ከሆኑ ችግሩ ክንዱ ብቻ አይደለም፣ ያንተም ጥሪ ነው። እንደዚያ ከሆነ ከመቀመጡ ይልቅ ጥሪ አውጪ አድርገህ አጠገብህ ብታቆመው ትጠቀማለህ። ይሄን ግን ለማባበያ አታቅርበው። ካልፈለግከው አትስጠው፤ ጋሼ የሐሰት ሹመት የማያውቅ ሰው አይመስለኝም።

ከዚያ በሳምንቱ መሀል፣ ለብቻው፣ በአካል ንገረው። በመልእክት አይሆንም። ቅዳሜ ጠዋት ጫማ እያሰረ ሳለም አይሆንም። «ምን ይመስልሃል?» ብለህ አትጀምር፤ ወስነህ ከሆነ የመጣኸው ፈቃድ የምትጠይቅ መምሰል የለብህም። «ጋሼ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ልጁ ነው የሚጀምረው። የጠርዝ ኳሶች እየደረሱ አይደለም» በለው። አንድ ምክንያት፣ እውነተኛው። ሊቆጣ ይችላል፣ ዝም ሊልህም ይችላል። ዝም ሲል ባዶውን ለመሙላት ሌላ ምክንያት አትደርድር፤ ሻናሃን የወደቀው እዚያ ላይ ነው። «ለወጣቱ ዕድል ለመስጠት ነው»፣ «ትከሻህን እንድታሳርፍ ነው» የሚሉትን ተዋቸው።

ግማሽ ግማሽ አጫውታቸው የሚልህ ሰው አይጠፋም። አትስማው። ከዚያ ለልጁ ንገረው፣ ቀጥሎ ለቡድኑ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ጋሼ ከልጆቹ ሐሜት እንዳይሰማው።

ልጁ በመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት ኳስ ማስነጠቁ አይቀርም። ያኔ ዓይንህ ወደ ተቀያሪዎቹ ይሄዳል፣ ጋሼም ያይሃል። አትጥራው። ለልጁ ቢያንስ ሦስት አራት ጨዋታ ስጠው። የሆነውን ጽፈህ አሳውቀን፤ ጋሼ ካኮረፈም እንዴት እንዳኮረፈ ጨምረህ።